ዲዮቅልጥያኖስና ዓመተ ሰማዕታት

በየዓመቱ መስከረም 1 ቀን፣ ርእሰ ዐውደ ዓመት በሚከበርበት ዕለት፣ ባሕረ ሐሳብን የሚያውቀው ካህን በምእመናን ፊት ቆሞ የዘመኑን ወንጌላዊ፣ ዓመተ ዓለሙን፣ አበቅቴውንና መጥቅዑን፣ አጽዋማቱና በዓላቱ የሚውሉበትንም ዕለት ያውጃል። በዚህ መካከል ዓመተ ሰማዕታትን ጨምሮ የሚያነሣ ሊቅ ሲገኝ፣ ከሰሚዎቹ ብዙዎቹ ቍጥሩን ሰምተው ያልፉታል እንጂ ከየት እንደ ተነሣ አይጠይቁም። እንዳይጠይቁ የሚያደርጋቸውም ስሙ ራሱ ነው፤ ዓመተ ሰማዕታት ሲባል ቍጥሩ ከሰማዕታት ሞት የተነሣ ይመስላልና። ነገር ግን የዚህ ቍጥር መነሻ የሰማዕት ሞት አይደለም፤ ሰማዕታትን የገደለው ንጉሥ ዘውድ የጫነበት ዓመት ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የንጉሡን የዲዮቅልጥያኖስን ሕይወት፣ ዓመቶቹም ወደ ቤተ ክርስቲያን እጅ የገቡበትን መንገድ ለመናገር አስበናል። ዓመታቱን የምንጽፈው፣ የእኛ መሆኑን ካላመለከትን በቀር፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። ይህ አቈጣጠር ራሱ ከዚሁ ንጉሥ ስም ጋር በተያያዘ ምክንያት የተወለደ መሆኑ ወደ ኋላ ይታያል።

አስቀድመን የጥንት ሰዎች ዓመትን እንዴት ይጠሩት እንደ ነበር ጥቂት እንበል። ጥንት አብዛኛው ሕዝብ ዘመኑን የሚያስታውቀው በንጉሡ ነበር። ነቢዩ ኢሳይያስ እግዚአብሔርን በዙፋኑ ተቀምጦ ያየበትን ዓመት የሚያመለክተን በንጉሡ በዖዝያን ሞት ነው፤ ወንጌላዊው ሉቃስም የመጥምቁ ዮሐንስን ስብከት መጀመሪያ በጢባርዮስ ቄሳር መንግሥት 15ኛ ዓመት ላይ አድርጎ ይወስነዋል። ሮማውያን ግን ነገሥታት ከመንገሣቸውም በፊት ሆነ በኋላ ዓመቱን የሚጠሩት በየዓመቱ በሚሾሙት በሁለቱ ታላላቅ ሹማምንት ስም ነበር፤ ሊቃውንቶቻቸውም አንዳንድ ጊዜ ከሮማ ከተማ መመሥረት፣ ይኸውም ከ753 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ጀምረው ይቈጥሩ ነበር። የግሪክ ታሪክ ጸሓፊዎች በየአራት ዓመቱ በኦሊምፒያ በሚደረገው ጨዋታ፣ የመጀመሪያውን በ776 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ አድርገው ዘመኑን ይለኩበታል። ሶርያውያን፣ አይሁድም ከነርሱ ጋር ለብዙ ዘመን፣ ከታላቁ እስክንድር የጦር አለቆች አንዱ የነበረው ሰሉቅስ ባቢሎንን የያዘበትን ዘመን መነሻ አድርገው ከ312 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ወዲህ ይቈጥሩ ነበር። በኋላ አይሁድ ይህን ትተው ከዓለም መፈጠር ጀምረው መቍጠርን አጸኑ፤ በእነርሱ ስሌት የዓለም የመጀመሪያ ዓመት 3761 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ነው። እስላሞችም የነቢያቸውን ከመካ ወደ መዲና መሰደድ፣ ማለት 622 ዓ.ም.ን መነሻ አድርገዋል፤ ዓመታቸው በጨረቃ ብቻ የሚሄድ፣ 354 ወይም 355 ቀን ያለው ስለ ሆነ ቍጥራቸው በየ33 ዓመቱ ገደማ ከፀሐይ ዓመት አንድ እየቀደመ ይሄዳል።

ለነገራችን የሚያስፈልገው ግን የግብጻውያን ልማድ ነው። ግብጻውያን በንጉሡ የመንግሥት ዓመት ይቈጥራሉ፤ ንጉሥ ሞቶ ሌላ ሲነግሥ ቍጥሩ ተመልሶ ከ1 ይነሣል። አዲሱ ንጉሥ በዓመቱ እኩሌታ ላይ ቢነግሥ እንኳ፣ ከመንገሡ በፊት ካለፈው መስከረም 1 ቀን ጀምሮ ያለው ዓመት ሁሉ የእርሱ አንደኛ ዓመት ይባላል።

ዲዮቅልጥያኖስ የተወለደው በ244 ዓ.ም. ገደማ፣ በአድርያ ባሕር ዳር ባለችው በድልማጥያ አውራጃ ነው። ይህች አገር ሐዋርያው ጳውሎስ በሁለተኛው የጢሞቴዎስ መልእክቱ ቲቶ ወደ እርስዋ እንደ ሄደ የሚነግረን አገር ናት፤ ዛሬ በክሮኤሽያ መንግሥት ውስጥ ትገኛለች። ወላጆቹ ከተራው ሕዝብ ወገን ነበሩ፤ እርሱም ከመንገሡ በፊት ስሙ ዲዮቅልስ ይባል ነበር። በግብጽ ከተጻፉት ገድላት በአንዳንዶቹ አስቀድሞ አግሪጳዳ የሚባል የፍየል እረኛ እንደ ነበረ ይነገራል። የሮማ ጸሓፊዎችና የግብጽ ገድላት በትውልድ አገሩ ባይስማሙም ከዝቅተኛ ወገን መነሣቱን ሁለቱም ይመሰክራሉ።

በዚያ ዘመን የሮማ መንግሥት ታሞ ነበር። ከዲዮቅልጥያኖስ በፊት በነበሩት 50 ዓመታት ከ20 የሚበልጡ ቄሳሮች ተነሥተው ወድቀዋል፤ ከእነርሱም በአልጋው ላይ ሆኖ በደዌ የሞተው ጥቂት ነው፤ የሚበዙት በገዛ ወታደሮቻቸው እጅ ጠፍተዋል። በዓመተ መንግሥት የሚቈጥሩት የግብጽ ጸሓፊዎች ምን ያህል ይቸገሩ እንደ ነበር መገመት አያዳግትም፤ አንዱን ቄሳር ጽፈው ቀለሙ ሳይደርቅ ሌላው ይነግሣልና።

ዲዮቅልስ በወታደርነት አድጎ የቄሳሩ የኑሜርያኖስ የክብር ዘበኞች አለቃ ሆነ። ኑሜርያኖስ ከፋርስ ዘመቻ ሲመለስ በመንገድ ሞቶ ተገኘ፤ ሠራዊቱም በኒቆምድያ አጠገብ ተሰብስቦ ዲዮቅልስን ኅዳር 20 ቀን 284 ዓ.ም. አነገሠው። እርሱም በዚያው ጉባኤ ፊት የቄሳሩን ሞት አፔር በተባለው ሹም ላይ አላክኮ በገዛ እጁ ወግቶ ገደለው፤ መንግሥቱን በደም ጀመረ። ይህ ቀን በእኛ አቈጣጠር ኅዳር 24 ቀን 277 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በግብጻውያን ሕግ፣ በእኛ መስከረም 1 ቀን 277 የጀመረው ዓመት የዲዮቅልጥያኖስ አንደኛ ዓመት ተባለ።

በዓለማዊ አስተዳደሩ ብልህ ሰው እንደ ነበር መካድ አይገባም። መንግሥቱ ለአንድ ሰው እንደሚሰፋ ዐውቆ በ286 ዓ.ም. ወዳጁን መክስምያኖስን ባልንጀራ ንጉሥ አድርጎ ምዕራቡን ሰጠው፤ በ293 ዓ.ም. ደግሞ ገሌርዮስንና የታላቁን የቈስጠንጢኖስን አባት ቍንስጣን ምክትል ነገሥታት አድርጎ ጨመረ። ግዛቶቹን ከፋፍሎ ቍጥራቸውን ወደ 100 ገደማ አደረሰ፤ ሠራዊቱን አበዛ፤ ግብሩን በአዲስ ሥርዐት ጻፈ። በ301 ዓ.ም. የገበያ ዋጋ ቢንርበት ከ1000 በላይ ለሚሆን ዕቃና የሥራ ደመወዝ ሁሉ የዋጋ ወሰን አውጥቶ፣ ከዚያ አስበልጦ የሸጠ በሞት እንዲቀጣ በድንጋይ ላይ አስቀርጾ አወጀ። ነጋዴው ግን ዕቃውን ደበቀ፤ አዋጁም ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሚጠብቀው ጠፍቶ ቀረ። በሰው ልጅ ሆድና ኪስ ላይ አዋጅ ማውጣት ለቄሳርም ቢሆን እንዲህ አስቸጋሪ ነው።

ወደ ግብጽ የመጣው በጦር ነበር። በ297 ዓ.ም. ዶሚጥያኖስ የተባለ ሰው በእስክንድርያ ንጉሥ ነኝ ብሎ ስለ ተነሣ፣ ዲዮቅልጥያኖስ ራሱ ዘምቶ ከተማዪቱን 8 ወር ያህል ከበበ፤ በ298 ዓ.ም. በረሃብና በሰይፍ ያዛት፤ ብዙ ሰውም ፈጀ። ከዚያ ወደ ላይኛው ግብጽ ወጥቶ የመንግሥቱን ወሰን በአስዋን አጠገብ ባለችው በፊላ ደሴት ላይ አቆመ። የግብጽ አገረ ገዢ በእስክንድርያ ለክብሩ ያቆመለት 27 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የድንጋይ ዐምድ እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል። ጐብኚዎች ለረጅም ዘመን የጶምጵዮስ ዐምድ ሲሉት ኖረዋል፤ ሐውልቱ ቀርቶ የባለቤቱ ስም መለወጡ፣ ዓመቶቹን የደረሰባቸው ነገር በድንጋዩም ላይ የደረሰ ያስመስለዋል።

እንግዲህ ብዙዎች የሚሳሳቱበትን ነገር እዚህ ላይ ልናነሣ እንወዳለን። ዲዮቅልጥያኖስ በነገሠ ጊዜ ስደቱ ወዲያው አልተጀመረም። በመጀመሪያዎቹ 18 ዓመታት ቤተ ክርስቲያን በአብዛኛው በሰላም ኖራለች። ክርስቲያኖች በቤተ መንግሥቱ ያገለግሉ ነበር፤ ሚስቱ ጵርስቃና ልጁ ዋሌርያም ለክርስትና የቀረቡ እንደ ነበሩ ይነገራል፤ በኒቆምድያ የነበረችው ቤተ ክርስቲያን ከቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት በከፍታ ላይ ተሠርታ ከሰገነቱ ትታይ ነበር። ስለዚህ ዓመተ ሰማዕታት 1 የደም ዓመት አልነበረም። ይህን መናገራችን የሰማዕታትን ክብር ለመቀነስ አይደለም፤ ሕፃናትን የሚያስተምር ካህን ቍጥሩን ከነምክንያቱ እንዲያስተምር ነው እንጂ። የረጅሙ ሰላም አደጋም በዚሁ ይታያል፤ የቂሳርያው አውሳብዮስ ስደቱን ከመተረኩ በፊት፣ በዚያ የዕረፍት ዘመን ኤጲስ ቆጶሳት እርስ በርሳቸው ይጣሉና ሹመት ይሻሙ እንደ ነበር በሐዘን ጽፎአል።

ስደቱ የተጀመረው በነገሠ በ19ኛው ዓመት፣ የካቲት 23 ቀን 303 ዓ.ም. ነው፤ በእኛ የካቲት 29 ቀን 295 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ለዚህ ክፉ ምክር ዋናው ገፋፊ ገሌርዮስ እንደ ነበረ የዘመኑ ጸሓፊ ላክታንትዮስ ይመሰክራል። በዚያ ቀን ገና ሲነጋ ወታደሮች በቤተ መንግሥቱ ፊት ወዳለችው ቤተ ክርስቲያን መጥተው በሩን ሰበሩ፤ መጻሕፍቱን አቃጠሉ፤ ሕንፃውንም በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከመሬት ጋር አስተካከሉት። በማግሥቱ አዋጁ ተለጠፈ፤ አብያተ ክርስቲያናት እንዲፈርሱ፣ ቅዱሳት መጻሕፍት እንዲቃጠሉ፣ ክርስቲያን የሆነ ሹም ከሹመቱ እንዲሻር የሚያዝ ነበር። አንድ ክርስቲያን አዋጁን ከተለጠፈበት ቀዶ በመጣሉ ያን ዕለት ተይዞ ተገደለ። ከዚያ በኋላ ሦስት አዋጆች ተከተሉ፤ ሁለተኛው ካህናትን ሁሉ ወደ ወህኒ ያስገባ ነበር፤ ሦስተኛው ለጣዖት የሠዋ እንዲፈታ ያልሠዋ እንዲሠቃይ፤ በ304 ዓ.ም. የወጣው አራተኛው ደግሞ ካህን ምእመን ሳይል ሰው ሁሉ እንዲሠዋ ያዝዝ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ መከራው የጸናው በግብጽ ነው። አውሳብዮስ ራሱ በላይኛው ግብጽ ተገኝቶ በአንድ ቀን 10፣ 20፣ 60፣ አንዳንድ ቀንም 100 የሚሆኑ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት ሲገደሉ፣ ሰይፉ ደንዝዞ ገዳዮቹም ደክመው ሲለዋወጡ እንደ ተመለከተ ጽፎአል። በስንክሳራችን የምናነባቸው ቅዱስ ፋሲለደስ፣ ቅዱስ ፊቅጦር፣ ቅዱስ ገላውዴዎስ፣ ቅዱስ ሚናስ፣ ሌሎችም ብዙዎች በዚህ ንጉሥ ዘመን የተቈጠሩ ናቸው። ነገሥታቶቻችን ገላውዴዎስና ፋሲለደስ በእነዚህ ሰማዕታት ስም ተጠርተዋል፤ ልጁን ዲዮቅልጥያኖስ ብሎ የጠራ ግን በአገራችን ሰምተን አናውቅም። ስደቱ እርሱ መንግሥቱን ከተወ በኋላም በገሌርዮስና በመክስሚኖስ እጅ ቀጥሎ፣ በ311 ዓ.ም. ተፍጻሜተ ሰማዕት የተባለው የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት አባታችን ቅዱስ ጴጥሮስ ኅዳር 29 ቀን አንገቱ ተቈርጦ ዐርፎአል።

ዲዮቅልጥያኖስ ራሱ ታሞ ከደከመ በኋላ ግንቦት 1 ቀን 305 ዓ.ም.፣ በእኛ ግንቦት 6 ቀን 297 ዓ.ም.፣ በነገሠ በ21ኛው ዓመት በሠራዊቱ ፊት ሐምራዊ ልብሱን አውልቆ መንግሥቱን ለቀቀ። ከእርሱ በፊት በፈቃዱ ዘውዱን የተወ የሮማ ቄሳር አልነበረም። ወደ ትውልድ አገሩ ሄዶ ከሰሎና ከተማ አጠገብ በባሕር ዳር ባሠራው ታላቅ ቅጥር ውስጥ ተቀመጠ። በ308 ዓ.ም. የቀድሞ ባልንጀሮቹ ተመልሶ እንዲነግሥ ቢለምኑት፣ በገዛ እጁ የተከለውን ጎመን ቢያዩ ኖሮ ይህን ባልጠየቁት እንደ ነበር ነግሮአቸዋል ይባላል። ነገር ግን ጎመኑ ሰላም አልሰጠውም። የሠራው የአራት ነገሥታት ሥርዐት በዓይኑ ፊት ፈረሰ፤ ገሌርዮስ በ311 ዓ.ም. በአስጨናቂ ደዌ ተይዞ ስደቱ እንዲቆም ከማዘዙም በላይ ክርስቲያኖች ስለ እርሱ ወደ አምላካቸው እንዲጸልዩ ለመነ፤ ሚስቱና ልጁም በየአገሩ ተንከራትተው በመጨረሻ በሊቅኒዮስ ትእዛዝ ተገደሉ። እርሱ ከእነርሱ አስቀድሞ ሞቶ በዚያው ቅጥር ውስጥ ለራሱ ባሠራው ስምንት ማዕዘን ባለው መቃብር ተቀበረ።

ይህ መቃብር ምን እንደ ሆነ ሳንናገር ማለፍ አንችልም። በ304 ዓ.ም. የሰሎና ኤጲስ ቆጶስ ቅዱስ ዶምኒዮስ በዲዮቅልጥያኖስ አዋጅ በዚያች ከተማ ተገድሎ ነበር። በ7ኛው መቶ ዓመት አረማውያን ሰሎናን ቢያጠፉአት ከሞት የተረፉት ክርስቲያኖች ሸሽተው ወደ ቄሳሩ ቅጥር ገቡና ከተማ አደረጉት፤ ስፕሊት የምትባለው ከተማ ይህች ናት። የቄሳሩን መቃብርም ባርከው ቤተ ክርስቲያን አደረጉት፤ የቅዱስ ዶምኒዮስንም ዐፅም አምጥተው አኖሩበት። እስከ ዛሬ ቅዳሴ ይቀደስበታል። ቄሳሩ ራሱን የድያ ልጅ እያለ ይጠራ ነበርና በአጠገቡ ያሠራው የድያ ቤት ደግሞ የመጥምቁ ዮሐንስ የጥምቀት ቤት ሆነ። የቄሳሩ የድንጋይ ሬሳ ሣጥን ወዴት እንደ ገባ የሚያውቅ የለም።

መቃብሩ እንዲህ ሆነ፤ ዓመቶቹስ? እርሱ በ305 ዓ.ም. መንግሥቱን ሲለቅ በግብጽ ልማድ ቍጥሩ ማብቃት ነበረበት። ነገር ግን ከዋክብትን የሚመረምሩት ሊቃውንት የማይቋረጥ ቍጥር ይሻሉ፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ነገሥታትም ብዙ ሆነው ዓመታቸው የተደባለቀ ስለ ሆነ፣ ሊቃውንቱ እርሱ ያለ ይመስል 22፣ 23 እያሉ በዲዮቅልጥያኖስ ዓመት መቍጠራቸውን ቀጠሉ። የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያንም የትንሣኤን በዓል ለማውጣት በዚሁ ቍጥር ተጠቀመች። ለአገራችን አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ የላከልን ቅዱስ አትናቴዎስ በ329 ዓ.ም. የላከው የትንሣኤ መልእክት በራስጌው ላይ የተመለከተው ዓመት 45 ዘዲዮቅልጥያኖስ ነው። ስደቱ በግብጽ ካበቃ ገና 16 ዓመት ነው፤ መልእክቱ ሲነበብላቸው ከነበሩት መካከል አባቱ ወይም እናቱ በዚያ ሰይፍ የወደቀችበት ብዙ ሰው ነበር። ይህን ስም በትንሣኤ መልእክት ራስ ላይ እንዴት ታገሡት ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው።

መልሱን የምናገኘው በባሕረ ሐሳብ ውስጥ ነው። የእስክንድርያ ሊቃውንት በሠሩት የ19 ዓመት ዐውደ አበቅቴ ውስጥ የዲዮቅልጥያኖስ 1ኛ ዓመት የዐውዱ መጀመሪያ ሆኖ ይገኛል፤ ማለት አበቅቴው አልቦ ነው። በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የእስክንድርያ መነኵሴ አንያኖስ የዓለምን ዓመት ሲያሰላም ከዚሁ ዐውድ ጋር አስማምቶ አቆመው። አንባቢው እርሳስ ይዞ ሊሞክረው ይችላል። የዲዮቅልጥያኖስ 1ኛ ዓመት በእኛ 277 ዓመተ ምሕረት፣ 5777 ዓመተ ዓለም ነው፤ ከእርሱ በፊት ያለፈው 5776 ነው። ይህ ቍጥር 76 ጊዜ 76 ነው፤ 76 ዓመትም ዐውደ ማኅተም የምንለው ነው። ስለዚህ ዓመተ ዓለምን ለ19 ብንገድፍም ዓመተ ሰማዕታትን ለ19 ብንገድፍም የሚተርፈው አንድ ነው፤ ለ4 ብንገድፍም እንዲሁ። ምሳሌ ይሁነን፤ 2018 ዓመተ ምሕረት 7518 ዓመተ ዓለም፣ 1742 ዓመተ ሰማዕታት ነው። 7518 ለ19 ሲገደፍ 13 ይተርፋል፤ 1742ም ለ19 ሲገደፍ 13 ይተርፋል፤ አንዱ ተቀንሶ ወንበሩ 12፣ አበቅቴው 12፣ መጥቅዑ 18 ይሆናል። ሁለቱም ለ4 ሲገደፉ 2 ይተርፋልና ወንጌላዊው ማርቆስ ነው። ትልቁን ቍጥር ትቶ በትንሹ ቍጥር ጾሙንና ፋሲካውን ማውጣት የቻለ ሰው፣ ቍጥሩ በማን ስም እንደ ተጠራ ብሎ መሣሪያውን አይጥልም። አባቶቻችን የያዙት ንጉሡን ሳይሆን ዐውዱን ነበር።

ከእነርሱ ወዲያ ግን ስሙን ሊታገሥ ያልቻለ አንድ መነኵሴ ተነሣ። ይህም በሮማ የኖረ፣ ትውልዱ ከእስኩቴስ የሆነ፣ ስለ ትሕትናው ራሱን ታናሹ እያለ የሚጠራ ዲዮናስዮስ ነው። ቅዱስ ቄርሎስ ዘእስክንድርያ እንዳወጣው የሚነገርለት የ95 ዓመት የፋሲካ ሰንጠረዥ በ247 ዘዲዮቅልጥያኖስ ሊያልቅ ስለ ቀረበ፣ ዲዮናስዮስ በ525 ዓ.ም. ለሚቀጥለው 95 ዓመት አዲስ ሠራ። ይሁን እንጂ የከሓዲውንና የአሳዳጁን መታሰቢያ ከፋሲካ ሰንጠረዥ ጋር ማያያዝን ነፍሱ ስለ ጠላች፣ 248 ዘዲዮቅልጥያኖስ ብሎ በመጻፍ ፈንታ ከጌታችን ሰው መሆን ጀምሮ 532 ብሎ ጻፈ። ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበት የአውሮፓውያን ቍጥር ይህ ነው። 532 ዐቢይ ቀመር መሆኑን የሚያውቅ የአገራችን መምህር፣ የዲዮናስዮስ ሰንጠረዥ በዚህ ቍጥር መጀመሩን ሲያይ ጥቂት ቆም ማለቱ አይቀርም። ዲዮናስዮስ እስከ ጌታ ልደት ያለውን ዓመት እንዴት እንዳገኘው ግን አልጻፈም።

አንያኖስም ይህንኑ የጌታን ሰው መሆን ፈልጎ፣ ብሥራቱን በ5501 ዓመተ ዓለም መጋቢት 29 ቀን ላይ አድርጎ ነበር፤ ይህም በዲዮናስዮስ ቍጥር 9 ዓ.ም. ላይ ይውላል። የእኛ ዓመተ ምሕረት የአንያኖስን ስሌት የተከተለ ስለ ሆነ ከአውሮፓውያን ቍጥር 7 ወይም 8 ዓመት ይለያል። ልጆቻችን ትምህርት ቤት ገብተው ዘመናችን ለምን ወደ ኋላ ቀረ ብለው ሲጠይቁ፣ አንዳንድ ሰዎች እያፈሩ የሚሰጡት መልስ አያስደስተንም። ወደ ኋላ የቀረ ዘመን የለም፤ ሁለት መነኮሳት፣ አንዱ በእስክንድርያ በ5ኛው መቶ ዓመት፣ አንዱ በሮማ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ አንድን ቀን ፈልገው በተለያየ ስሌት ደረሱበት። የሮማው ቍጥር የተስፋፋው በእንግሊዛዊው መነኵሴ በቤዳ ታሪክ፣ በ731 ዓ.ም. በተፈጸመው መጽሐፍ ብርታት ነው።

ግብጻውያን ግን ዲዮናስዮስ ያደረገውን አላደረጉም፤ ቍጥሩንም አልጣሉም፣ መነሻውንም አልቀየሩም። ለብዙ ዘመን በዲዮቅልጥያኖስ ስም ሲጽፉ ኖረው፣ ዐረቦች በ641 ዓ.ም. ገደማ ግብጽን ከያዙ በኋላ ባሉት ዘመናት የቄሳሩ ስም እየቀረ የሰማዕታት ስም በቦታው ገባ። ከግብጽ በስተ ደቡብ በኖባ ምድር የነበሩ ክርስቲያኖችም በመቃብር ድንጋዮቻቸው ላይ በዚሁ ቍጥር ጽፈዋል። እኛ ዲዮናስዮስን አንነቅፍም፤ የአሳዳጅን ስም ከፋሲካ ማራቁ ከቅንዓት የመጣ ነው። ነገር ግን የግብጽ ሥራ ይበልጥ ያስደንቀናል። ዲዮናስዮስ የንጉሡን ስም ከቍጥሩ ጋር ጣለ፤ ግብጻውያን ቍጥሩን ይዘው የንጉሡን ዓመታት ለገደላቸው ሰዎች አወረሱአቸው። ዲዮቅልጥያኖስ የነገሠው 20 ዓመት ተኩል ነው፤ ከዚያ በኋላ የተቈጠረው ከ1700 ዓመት በላይ ሁሉ የእርሱ ሆኖ አልቀረም።

በአገራችን ይህ ቍጥር ከዓመተ ዓለምና ከዓመተ ምሕረት ጋር በባሕረ ሐሳብ መጻሕፍትና በታሪክ መጻሕፍት ተጽፎ ይገኛል። በብራና መጽሐፍ ላይ ዓመተ ሰማዕታትን አይቶ በእኛ ስንት እንደ ሆነ የሚፈልግ ሰው 276 ይደምርበት። በአውሮፓውያን ማወቅ የሚሻ ደግሞ ነገሩ ከመስከረም 1 ቀን ጀምሮ የእነርሱ አዲስ ዓመት እስኪገባ ባለው ጊዜ የተደረገ ከሆነ 283፣ ከዚያ ወዲህ እስከ ጳጕሜን መጨረሻ ከሆነ 284 ይደምር።